ተረከዙ ያልቆሸሸ ካልሲ

የመጀመሪያው ምልክት ካልሲ ነበር።

ልጄ ኤልዳና ዓመት ተኩል ገደማ ሳለች፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጫማዋን ላደርግላት የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እናቷና እኔ ግራና ቀኝ እጇን ይዘን ምንጣፉ ላይ ስናቆማት ነበር ያረፈድነው። እንደሚታወቀው ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ የናይሮቢ ቀይ አቧራ ግን አይቀርም። ምንጣፉ ላይ ይሰፍርና ልጆቹ በካልሲያቸው ጠርገው ይዘውት ይወጣሉ። አጠገባችን ጫማ የሚያደርጉት ልጆች ካልሲ ከጣት እስከ ተረከዝ ቆሽሿል። የኤልዳና የቆሸሸው ጣቶቹ ጋ ብቻ ነው። ተረከዙ ከሱቅ እንደመጣ ነጭ ነው።

“እስኪ እዪው” አልኳት ባለቤቴን ራሔልን።

“የኔ ንጹሕ!” አለችና ልጅቷን ሳመቻት። ሁለታችንም ሳቅን።

ቤት ገብተን ብብቷን ይዤ አቆምኳት። በጣቶቿ ጫፍ ቆመች። ተረከዟን በእጄ ወደ ታች ጫንኩት። አልወረደም። ደግሜ ጫንኩት። አልወረደም። እግሮቿ እንደ መቀስ ተጠላለፉ። ራሔል ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ታየን ነበር። አሁን አትስቅም።

ኤልዳና በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው። የሕፃናት ሐኪሙ “ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች ሁሉን ነገር ዘግየት ብለው ይጀምራሉ” ብሎን ስለነበር፣ አለመቆሟንም አለመዳኋንም በዚያ ሒሳብ ስናልፈው ከርመናል። ሐኪሙ ዋሸ አልልም፤ የብዙዎቹ ነገር እንዲያ ነው። የእኛዋ ግን ዘግይታ አልነበረም። ሌላ መንገድ ላይ ነበረች።

ኤምአርአይ ተነሣች። የነርቭ ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ በጣቱ እየጠቆመ አሳየን። ከዚያ እንዲህ አለ።

“ሴሬብራል ፖልሲ ነው። ዓይነቱ ስፓስቲክ ዳይፕሌጂያ ይባላል። የተጎዳው አንጎሏ እንጂ እግሯ አይደለም። አንጎሏ ግን እግሯን ‘ተወጠር’ እያለ ያዘዋል። ጉዳቱ አይጨምርም። አይጠፋምም።”

“ትሄዳለች?” አለች ራሔል።

“ሳትሄድ አትቀርም። እንዴት እንደምትሄድ ግን አላውቅም።”

ይህ ሰው በዚያ ቀን ስንት ነገር እንደተናገረ አላስታውስም። እነዚህን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

እኔ ኑሮዬ ማንበብና መጻፍ ነው። ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ካየሁ መጠራጠር ይቀናኛል፤ ወዳጆቼም በዚህ የተነሣ ሠርግ ላይ ንግግር አያስደርጉኝም። ስለ ልጄ ሕመም ማንበብ ስጀምር ግን ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። የሚስማማ ሰው የለም። አንዱ ጽሑፍ ጡንቻ የሚያላላውን መርፌ ያወድሳል፤ ሌላው መርፌው ጊዜያዊ ነው ይላል። አንዱ ጅማት በልጅነት ይቆረጥ ይላል፤ ሌላው በልጅነት የተቆረጠ ጅማት ተመልሶ ያጥራል ይላል። የጀርባ አጥንት ውስጥ ገብቶ የነርቭ ክር እየመረጡ መቁረጥ የሚባልም አለ፤ የራሔል ወንድም ይህን ስልኩ ላይ ካየ ወዲህ በየሳምንቱ ቪዲዮ ይልክልን ጀመር። ተቃውሞ የለመደ ሰው የሚቃወመው ነገር ሲያጣ እንዴት እንደሚደናበር በራሴ አየሁት።

ሰዉ ደግሞ አለ። ኪሊማኒ ሰፈር ባለው የሀበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ የሕክምና ምክር የማይሰጥ ኢትዮጵያዊ አላየሁም። “ወጌሻ አሳያት፤ አዲስ አበባ አንድ አውቃለሁ” ይለኛል አንዱ። አጥንቷ አልተሰበረም እለዋለሁ። “ቢሆንም ይሻታል” ይለኛል። “ዝም ብላችሁ ተዉአት፣ ስታድግ ይተዋታል” የሚልም አለ። ሁሉም መጨረሻ ላይ “እናንተ እኮ ጠንካሮች ናችሁ” ይሉናል። ይህን ቃል እጠላዋለሁ። ጠንካራ መሆን ማለት ምርጫ ያጣ ሰው ሌሎች እንዳይረበሹ ሲል ፊቱን ማስተካከሉ ነው።

እንዲህም ሆኖ ዓመታቱ አለፉ። ወንጂሩ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ክሊኒኳ ውስጥ ልጄን በኳስ ላይ አስቀመጠቻት፣ በገመድ ላይ አንጠለጠለቻት፣ “ቴና! ቴና!” እያለች፣ በስዋሂሊ እንደገና ማለቷ ነው፣ ደጋግማ አስነሣቻት። ጉልበተኛ፣ ቀልደኛ ሴት ናት። እኔን በልጄ ስም “ባባ ኤልዳና” ነው የምትለኝ፤ በኬንያ ወግ የኤልዳና አባት ማለት ነው። የራሴን ስም የምታውቀው አይመስለኝም። ከዚያ ከፕላስቲክ የተሠራ የእግር ድጋፍ መጣ፤ ሐኪሞቹ ኤኤፍኦ ይሉታል። ከጉልበት በታች ጀምሮ እግርን ከኋላ አቅፎ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ተረከዝንም አስገድዶ ያወርዳል። ከዚያ ከኋላዋ እየጎተተች የምትደገፍበት ባለ ጎማ ዎከር መጣ። አምስት ዓመት ሳይሞላት ዎከሩን ትታ፣ በድጋፉና በጫማዋ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተወዛወዘች በሳሎኑ ተሻገረች። አለቀስን። ያለቀ መሰለን።

አላለቀም። ልጅ ያድጋል። አጥንት ይረዝማል፤ የተወጠረ ጡንቻ ግን አብሮት አይረዝምም። ስድስት ዓመት ሲሞላት ድጋፉ ውስጥ ተረከዟ ተነሣ። ፕላስቲኩ ቁርጭምጭሚቷን ያቆስላት ጀመር። ትምህርት ቤት ውስጥ መውደቅ አበዛች። እሑድ እሑድ ደግሞ ጫማውም ድጋፉም በር ላይ ስለሚቀር፣ ምእመናን የሚያዩዋት በጣቷ ጫፍ ስትንቀጠቀጥ ነው። መምህራኗ “በጣም ተሻላት” ይሉኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ያሉት “ምነው ምንም አልተሻላት?” ይሉኛል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የሰኞዋ ልጅና የእሑዷ ልጅ አንድ መሆናቸውን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። 

አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም አየንና “በዚህ ወር ጅማቱን እንቁረጠው” አለን። ወደ ሌላዋ፣ የልጆች አጥንት ሐኪም ወደሆነችው፣ ሄድን። ይህቺ ኤልዳናን አልጋ ላይ አጋድማ ጉልበቷን ዘርግታ የእግሯን ጣቶች ይዛ ወደ ቅልጥሟ ገፋች። አልሄደም። ቁርጭምጭሚቷን በመለኪያ ለካች፣ በባዶ እግሯ አስኬደቻት፣ በድጋፉ አስኬደቻት፣ በሁለቱም ቪዲዮ አነሣቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

“ሁለቱንም ባቶቿን ቦቱሊነም ቶክሲን እወጋለሁ። ጡንቻውን ያላላዋል። ከዚያ ጀሶ አደርጋለሁ። ጀሶውን በየሳምንቱ እየቀየርኩ እግሯን ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ አመጣዋለሁ። መርፌው የሚሠራው ለጥቂት ወራት ነው። በዚያ ውስጥ ተረከዟ ከወረደ አልቆርጥም። ካልወረደ የተረከዟን ጅማት ማስረዘም ይኖርብኛል።”

“ማስረዘሙ ምን ጉዳት አለው?” አልኳት።

“ካነሰ ይመለሳል። ከበዛ ጉልበቷ እየታጠፈ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ያነሰውን ልደግመው እችላለሁ። የበዛውን ግን መመለስ አልችልም።”

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታችን በዚህ ንግግር ላይ ቆመ። ጥቂት ወራት አሉን። ተረከዙ ይወርዳል፣ ወይም ልጄ ትቆረጣለች፤ ከተቆረጠች ደግሞ እጅግ ከበዛ መመለሻ የለውም።

ቦቱሊነም ቶክሲን መርዝ ነው። ላቪንግተን ሰፈር ያሉት የውበት ክሊኒኮች የባለጠጎችን ግንባር የሚያለሰልሱበት ያው ነው። “ልጃችሁን መርዝ ልታስወጉ ነው?” ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ጠብቄ ነበር፤ የገረመኝ ማንም አልተከራከረኝም። “ኧረ እሱማ ጥሩ ነው፣ እህቴም ትወስደዋለች” አለችኝ አንዷ፣ ቅንድቧን ማንቀሳቀስ እያቃታት።

በመርፌው ቀን ኤልዳና አልጋው ላይ አንሶላውን ይዛ አልለቅም አለች። “ሲታኪ!” አለች። አልፈልግም ማለቷ ነው። ስትፈራ ስዋሂሊ ይቀናታል። “አባቢ፣ ሲታኪ!” እጄን ያዘች። ማደንዘዣው መጣ። እጇ ላላ። ሐኪሟ ወጋች። ራሔል ግድግዳውን ታይ ነበር። እኔ መርፌውን አየሁ። አንድ ሰው ማየት አለበት ብዬ አሰብኩ። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ አላውቅም።

ከቀናት በኋላ ጀሶው ተደረገ፤ ግራው ወይን ጠጅ፣ ቀኙ አረንጓዴ፣ ምርጫው የራሷ። የዛሬ ዘመን ጀሶ ላዩ እንደ ድንጋይ ነው፣ ውስጡ ግን ጥጥ ነው። “ላዩ ቢረጥብ ይደርቃል፤ ጥጡ ከረጠበ ግን አይደርቅም” አለችን ሐኪሟ። “ቆዳዋ ይቆስላል። ከቆሰለ ድጋሚ ጀሶ ማድረግ አልችልም። ውሃ እንዳይነካው።” ሁለት ጊዜ ነገረችን። ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ተቀየረና ሁለተኛው ገባ። እግሯ በእርግጥ ትንሽ ወደ ላይ መጥቶ ነበር።

የዚያ ሳምንት መጨረሻ ጥምቀት ነበር።

እዚህ ላይ እትዬ ለተብርሃንን ላስተዋውቃችሁ። አሥመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ ናይሮቢ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። የኤልዳና የክርስትና እናት ናቸው፤ ልጅቷ “አደይ ለተ” ትላቸዋለች፣ “አደይ” በትግርኛ “እናቴ” ነው። አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው፤ ይህንንም አይደብቁኝም። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አንድም ሕክምና አልተቃወሙም። አንድም ሕክምና ግን ብቻውን ይበቃል ብለው አያውቁም።

ልጅቷ ወደ በዓሉ አትሂድ ብዬ ነበር። ራሔል “ልጆቹ ሁሉ ነጭ ለብሰው ሲሄዱ እሷን ለብቻዋ ቤት ልናስቀምጣት ነው?” አለች። ትክክል ነበረች። ስለዚህ ጀሶውን በፌስታል እናሽገው ተባለ። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ፌስታል ክልክል ነው። እግዜር ይስጠው፣ የሀበሻ ቤት ሁሉ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ፌስታል አያጣም፤ ከመሳቢያ ሥር ሁለት አገኘን። በፕላስተር ዙሪያውን አሸግነው። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ሜዳው ላይ ከበርሜሎቹ የተባረከውን ውሃ ካህኑ በጎማ ይረጩ ጀመር። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ይገፋፋል። ኤልዳናን ተሸክሜ ከኋላ ቆሜያለሁ፤ ፊቷ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢደርሳት ብዬ። እትዬ ለተብርሃን በሰው መሐል ሰንጥቀው መጡ። ነጠላቸው ረጥቦ ጠብ ጠብ ይላል።

“ምንድን ነው እግሯ ላይ ያለው?”

“ጀሶው እንዳይረጥብ ነው፣ እትዬ።”

“ፌስታል?” አሉኝ። “ጸበል በፌስታል ይገባል?”

“ሐኪሟ ናት ያዘዘችው። ውሃ እንዳይነካው ብላለች።”

“ውሃ አለች እንጂ ጸበል አለች? አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ይቺን አጣሃት? የታመመውን እግር ሸፍነህ ደኅነኛ ፊቷን ታስረጫለህ!”

መልስ ሳስብ ነው የተሸነፍኩት። በአመክንዮ ደረጃ ሴትዮዋ ልክ ናቸው፤ ጸበል ለሕመም ከሆነ ሕመሙ ያለበት ላይ ነው የሚረጨው። ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ ፕላስተሩን ስበው፣ ሁለቱንም ፌስታሎች አውልቀው፣ “አባ! እዚህች ልጅ ላይ!” ብለው ጮኹ። ካህኑ ወደ ተጠሩበት አቅጣጫ ዞሩ። ውሃው በጀሶው አፍ ገባ። ኤልዳና በደስታ ጮኸች። በሁለተኛውም ጀሶ ገባ።

ራሔል ደርሳ አየች።  ልጅቷን ከእጄ ተቀበለችኝና ወደ መኪናው ሄደች።

ሐኪም ቤቱ በማግስቱ ጠዋት ተቀበለን። ጀሶው በመጋዝ ተቆረጠ። ጥጡ እንደ እርጥብ ዳቦ ወጣ። ሽታ ነበረው። ቆዳዋ ነጥቶ ተጨማዶ ነበር። የቀኙ ተረከዝ ላይ ቆዳው ተልጧል። ቀይ ሥጋ ይታያል። ኤልዳና አየችውና ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። 

“ምን ሆነ?” አለች ሐኪሟ።

“በዓል ነበር” አልኳት። “ጥምቀት።”

“ልጅቷ እስካሁን አልተጠመቀችም ነበር?”

“ተጠምቃለች። ይሄ በየዓመቱ ነው።”

“በየዓመቱ ታስጠምቋታላችሁ?”

“እሷን ብቻ አይደለም። ሁላችንም እንረጫለን።”

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ለአንድ ደቂቃ የሰው ልጅን ሁሉ የታዘበች መሰለኝ። ከዚያ በጣም በቀስታ ተናገረች። “ቁስሉ እስኪድን ጀሶ የለም። ድጋፉም የለም፤ ቁስሉን ይነካዋል። ጫማም የለም። መርፌው ግን አይጠብቀንም፤ ጊዜው እየሄደ ነው። ቁስሉ ሲዘጋ አምጧት። ያኔ እለካና እወስናለሁ።”

እቤት ስንገባ ራሔል ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ምን እንደተባባሉ በሙሉ አልሰማሁም። “ልጄን ሊቆርጧት ነው!” የሚለውን ሰማሁ፤ “እኔ ክፉ አስቤ ነው?” የሚለውንም ሰማሁ። ከዚያ በር ተዘጋ። እትዬ ለተብርሃን መውረድ ተዉ። ራሔልም ስማቸውን ማንሣት ተወች። እኔ በሁለቱም ተናድጄ፣ በሁለቱም ልክነት ተስማምቼ፣ መሐል ላይ ቀረሁ። ማንን መውቀስ እንዳለብኝ የሚያስረዳ ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁ።

ወንጂሩ ቁስሉን ልታይ ቤታችን መጣች። ግማሹን ስነግራት ሳቀች፤ ሌላውን ግማሽ ስነግራት አልሳቀችም።

“እሺ ባባ ኤልዳና። ድጋፍ የለም፣ ጫማ የለም። እግር አለ?”

“አለ።”

“እንግዲያው እግሯ ይሥራ። ጡንቻዋ አሁን ልል ነው። ካወቅኳት ጀምሮ እንዲህ ልል ሆኖ አያውቅም። ቁስሉን በፋሻ አስረን፣ በባዶ እግሯ ቤቱን ሁሉ ትዙረው።”

እንዲህ ነው ልጄ ድጋፍ ማድረግ ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳምንታት ያለ ፕላስቲክ የዋለችው፤ ትምህርት ቤት ስለማትሄድ ቀኑን ሙሉ ከሶፋው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ትዞራለች፤ ወለሉ ላይ የተበተነ አሻንጉሊት ቁጢጥ ብላ እያነሣች መልሳ ትበትነዋለች፤ ወንጂሩም እየመጣች እግሯን በእጇ ትዘረጋላታለች፣ ልጅቷ አምርራ ስታለቅስም አብራት የምታለቅስ እየመሰለች ትቀልዳለች። ከዚያም አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ አለብኝና ልጅቷን ፈለግኳት። የለችም። የውጭው በር ተከፍቷል። ወጥቼ ሳይ ወደ ላይኛው ፎቅ በሚወስደው ደረጃ መሐል ላይ ደርሳለች፤ በሁለት እጇ መደገፊያውን ይዛ፣ የደረጃውን ጠርዝ በጣቶቿ ረግጣ፣ ተረከዟ ወደ ታች ተንጠልጥሎ።

“ወዴት ነው?”

“አደይ ለተ ጋ። ዌት፣ አባቢ! አትንካኝ።”

አልነካኋትም። ከኋላዋ ሆኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እሷ አንዱን ደረጃ አልፋ እስክታርፍ እየጠበቅኩ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ሳልነካት ወጣን። እትዬ ለተብርሃን በሩን ሲከፍቱ ልጅቷ በባዶ እግሯ ላብ በላብ ሆና ቆማለች።  ተንበርክከው ፋሻውን አዩት፤ በእጃቸው ዳሰሱትና “ያማል?” አሏት። “ትንሽ። ብስኩት አለሽ?” አለቻቸው፤ እኔ በአንቱታ የማናግራቸውን ሴትዮ በአንቺ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትወጣ ነበር። ራሔል አልከለከለችም፤ መጀመሪያ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር፣ ከዚያ አብራት እስከ በሩ ትደርስ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ሻይ ጠጥታ ወረደች። ወንጂሩ ደረጃውን ስታይ እጇን አጨበጨበች፤ ለካ ጣት ጠርዝ ላይ፣ ተረከዝ አየር ላይ ሲሆን ባትን የሚስብ ከዚያ የተሻለ ነገር ማግኘት ይቸግራል፤ ክሊኒኳ ውስጥ ለዚሁ ሲባል የተሠራ እንጨት አላት፣ ኤልዳና ስታየው የምታለቅስበት።

ቁስሉ ዳነ። ሄድን።

ሐኪሟ ልጅቷን አጋደመቻት። ጉልበቷን ዘረጋች። የግራውን እግር ወደ ላይ ገፋች። ሄደ። ቀኙን ገፋች። ሄደና ጥቂት ሲቀረው ቆመ። መለኪያውን አስጠጋች። ደግማ ለካች። ራሔል እጄን ጨምቃ ይዛ ነበር። ያማል።

“ዘንድሮ አልቆርጥም” አለች ሐኪሟ።

ራሔል እጄን ለቀቀች። 

“ያገኘነውን ለመጠበቅ አዲስ ድጋፍ ይሠራላታል፣ ስትተኛም የምታደርገው ሌላ። ስታድግ ደግሞ መለካት ነው። ከርሞ ወይም ከዚያ በኋላ እንቆርጥ ይሆናል። አሁን ግን አያስፈልጋትም።”

“ምን ረዳት?” አልኳት። “አንድ ተኩል ጀሶ ነው ያደረገችው። መርፌው ነው? ደረጃው? ባዶ እግሯን መዋሏ?”

“አላውቅም” አለች።

“ጀሶው ባይረጥብ ኖሮ ይበልጥ ይሻላት ነበር?”

“ሊሆን ይችላል። ወይም ላይሆን። የምናወዳድራት ሁለተኛ ኤልዳና የለችንም። እኔ ጀሶውን ነው የምመርጠው። ዳግመኛ ግን አርጥባችሁ እንዳታመጡብኝ።”

በዚህ ጉዞ ከሰማኋቸው የሕክምና ቃላት ሁሉ የማመሰግነው ይህንን “አላውቅም” ነው። ብዙ የሚያውቅ ሰው የተናገረው “አላውቅም” ነው። ሁሉን እናውቃለን ያሉኝ ሰዎች ኪሊማኒ ምግብ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ነበሩ።

እንደኔ ተደናብራችሁ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ እኔ ጥርት ያለ ነገር የለኝም፤ ያለኝን ልስጣችሁ። ካልሲውን እዩ። ልጃችሁ በጣቱ ብቻ ከቆመ፣ ወይም እግሩ ከጠነከረባችሁ፣ “ያልፋል” በሚል ቃል አትቀመጡ። ጅማት ስለ መቁረጥ ከአንድ ሐኪም በላይ ጠይቁ፤ “ቢበዛስ ምን ይሆናል?” ብላችሁም ጠይቁ፣ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሐኪሙ ልጁን በባዶ እግሩም በድጋፉም ያስኪደው። ልጃችሁን የሚወድ ሰው ሁሉ ሊሸከመው ይፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጄን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሏት አንድ ቅዳሴ ሙሉ መሬት ሳትነካ የወጣችበት ጊዜ አለ። ተቆጡ፣ ተቀየሙ፣ መሬት አስነኩት። ጀሶ ለማስደረግ ስትቀጥሩ ደግሞ የበዓላቱን መቁጠሪያ ለሐኪሙ አሳዩት፤ እሱ ጥምቀት መቼ እንደሆነ ከየት ያውቃል? በጸበሉ የሚያምን የቤተሰብ ሰው ካላችሁም ከመርፌው በፊት ልጁን አስረጩት፣ ከጀሶው በኋላም አስረጩት፤ በመሐል ብቻ ሰውየው እንዲታገሥ ለምኑት። እትዬ ለተብርሃን በዚህ ተስማምተዋል። በቅድሚያ ቢነገራቸው ኖሮ ያኔም ይስማሙ ነበር ይላሉ፤ አንዳንዴ አምናቸዋለሁ።

ምስጋና የሚገባቸው ብዙ ናቸው፤ ሐኪሟ፣ ወንጂሩ፣ ያ “እንዴት እንደምትሄድ አላውቅም” ያለን የመጀመሪያው ሰው፣ እኔ ማየት ስመርጥ ግድግዳውን እያየች ሁሉን የተሸከመችው ራሔል። እትዬ ለተብርሃንንም አመሰግናለሁ፤ ለውሃው ሳይሆን ላይኛው ፎቅ ላይ ለመኖራቸው። ለምን እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ነግሬያቸው አልተዋጠላቸውም።

ከሐኪሟ ከተመለስን በኋላ በነበረው እሑድ ኤልዳና ጫማና ድጋፏን በር ላይ ትታ ምንጣፉ ላይ ገባች። ሊሸከሟት የመጡትን ራሔል መለሰቻቸው። እየተወዛወዘች፣ አንዴ እኔን አንዴ ምሰሶውን እየያዘች፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆማ፣ ተቀምጣ፣ ሄዳ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀመጥንና እግሯን አነሣሁ። የግራው ካልሲ ከጣት እስከ ተረከዝ ቆሽሿል። የቀኙ ተረከዝ ላይ አንድ ሳንቲም የምታህል የቀይ አቧራ ነቁጥ አለች።

እትዬ ለተብርሃን ጎንበስ ብለው አዩት። “እንዴ! ጸበሉ ነው!” አሉ።

“መርፌው ነው” አለች ራሔል።

እኔም ስለ ደረጃው ልናገር አፌን ከፈትኩ። ኤልዳና እግሯን ከእጄ ነጠቀችና ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን።

“እኔ ነኝ የረገጥኩት” አለች።